ሚስተር ቢንን ያለ እናንተ ማየት አንችልም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የጎንደር የፊልም ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን ያለ ኪራይ ለሰጡን የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ከአዘዞና ከማራኪ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቡናውን ላሰናዱልን እህቶቻችን እግዜር ይስጥልን። የዓመቱ ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። የልጆች የቅዳሜ ፊልም አልተቋረጠም። የቆዩ ካሴቶችን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ተጀምሯል። የሚስተር ቢን ተከታታይ 15ቱም ክፍሎች በጥሩ ቅጂ ተሟልተዋል። ለዚህ የደከሙት ወጣቶች እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጠዋልና አመስግኑልኝ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ጉባኤ የወሰንነውን ታስታውሳላችሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሚስተር ቢን ፊልም ለጥምቀት ሰሞን፣ ከየአገሩ የተበተነው ልጃችን ወደ ጎንደር በሚመለስበት ጊዜ፣ በትልቅ ሸራ ላይ ለከተማችን ሰው ልናሳይ ነበር። እጅ አውጥተን፣ አጨብጭበን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመን ወጣን። ጥምቀት መጣ፣ እንግዳውም መጣ፣ ፊልሙ ግን አልታየም። ያልታየው ሰው ስለጠላው አይደለም። እኛ አባላቱ «ይተርጎም፣ አይተርጎም» ብለን ስለተጣላን ነው።

ለአዲሶቹ አባላት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሚስተር ቢን በብሪታንያ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. የአዲስ ዓመት ዕለት ነው። ቢንን ሆኖ የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ ሰው ነው። ፊቱን፣ ቅንድቡን፣ ትከሻውን ብቻ ይዞ ዓለምን አሳቀ። የደረጀንና የሀብቴን ቀልድ ለመሳቅ አማርኛ ማወቅ ያስፈልጋል። በሚስተር ቢን ለመሳቅ ግን ዓይን ብቻ ይበቃል። የመኪናውን በር በጓጉንቸር ሲቆልፍ፣ የገና ቱርክ ጭንቅላቱ ላይ ተሰክታ አልወጣ ስትለው፣ ጣሪያው ላይ ወንበር አስሮ በመጥረጊያ እንጨት መኪናውን ሲነዳ፣ ምኑ ይተረጎማል? እናቶቻችን ከእኛ እኩል የሳቁበት የፈረንጅ ፊልም እሱ ነው። በማንኛውም ቤት ቴሌቪዥን ፊት አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁበት ሌላ ነገር ብትጠሩልኝ ደስ ይለኛል።

ፊልሙ ሲመጣ ግን ቢን አፉን ከፈተ። ጠቡም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከመካከላችን ጥቂቶች፣ አክብሬ እላለሁ፣ ፊልሙ ቢንን አበላሸው ብለው ያምናሉ። ቢን በዝምታ የኖረ ሰው ነው፣ አሜሪካ ወስደው ቤተሰብ መሐል አስቀምጠው ንግግር አስደረጉት ይላሉ። በዚያ ላይ እኛ ማይክሮፎን ይዘን ብንተረጉምበት ዝምታው ጨርሶ ይጠፋል ነው ክርክራቸው። የሁለተኛውን፣ የ2007ቱን ፊልም እናሳይ ብለውም ነበር። እሱ ላይ ቢን ወደ ፈረንሳይ ይሄዳል፤ ከቃል ይልቅ እንደገና በአካሉ ይናገራል። ምግብ ቤት ገብቶ መዋጥ ያቃተውን የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር በጎረቤቱ ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ሲደፋው ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ክርክራቸው ጠንካራ ነው። እኔም ሁለተኛውን ፊልም እወደዋለሁ።

ነገር ግን የመጀመሪያውን የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ ያ ምክንያት የዚህች ከተማ ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ቢን ለንደን ውስጥ የሥዕል ቤተ መዘክር ጠባቂ ነው። አለቆቹ ሊገላገሉት ፈልገው የሥዕል ሊቅ ነው ብለው ሎስ አንጀለስ ይልኩታል። እዚያ አንድ ታዋቂ ሥዕል በ50 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ ለሕዝብ ሊገለጥ ነው። ሥዕሉ እውነተኛ ሥዕል ነው። ጄምስ ዊስለር የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1871 እ.ኤ.አ. እናቱን ጥቁር ቀሚስ አልብሶ፣ ነጭ ሻሽ አስሮ፣ ወንበር ላይ በጎን አስቀምጦ የሣላት ነው። ዛሬ ያለው ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቢን ብቻውን ከሥዕሉ ጋር ይቀራል። ያስነጥሰዋል፣ በመሐረቡ ይጠርጋል፣ መሐረቡ ቀለም ነክቶታል። ቀለሙን ላስለቅቅ ብሎ ማቅጠኛ ሲያፈስበት የእናትየዋ ፊት ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። በጠፋው ቦታ ላይ እሱ ራሱ የልጅ ሥዕል የመሰለ ፊት ይሥላል።

ያንን ትዕይንት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነን። እንግዲህ የምታስታውሱትን አብረን እናስታውስ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቤቱ በሳቅ ይናጥ ነበር። ፊቱ ሲጠፋ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። አንዳንዱ «ኧረ በስመ አብ!» አለ። አንዳንዱ አፉን ያዘ። እኛ የጎንደር ልጆች ነን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ወደ ጣሪያው ቀና ያልን ጊዜ እነዚያ የመላእክት ዓይኖች ከላይ ሆነው ያዩናል። ሥዕል እዚህ አገር ይሳለሙታል፣ ይከናነቡለታል፣ ጧፍ ያበሩለታል። ያውም የእናት ፊት! ሌላው ዓለም በዚያ ቦታ ከሳቀ ይሳቅ፤ እኛ መጀመሪያ ደነገጥን፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ እጥፍ ሆኖ የመጣው። የዚህ ፊልም ትዝታችን ከሌላ ከተማ ትዝታ የሚለየው በዚያች ድንጋጤ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ትርጉሙ ልመለስ። ያኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልሙን በዝምታ ያየነው ይመስል ይወራል። ውጭ ጄኔሬተር ይጮኻል፣ ካሴቱ ከመደጋገም ብዛት ይንሿሿል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ከኋላ እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቆሞ «ዶክተር መስሏቸው ነው!» ይላል። ያ ልጅ ባይኖር የሥዕል ሊቅ ተብሎ የመጣው ሰውዬ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ተብሎ ለምን ቀዶ ጥገና ክፍል እንደገባ ግማሹ ሰው ባልገባው። ጥይቱን ከፖሊሱ አካል ሲያወጣ ቤቱ በጭብጨባ የተናጋው የገባን ስለነበረ ነው። እንግዲህ ትርጉሙን ኮሚቴው ፈጥሮ አላመጣውም። ከመጀመሪያውም ከፊልሙ ጋር አብሮ ነበር።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ወደ ፊልሙ መጨረሻ ገደማ ቢን በታላላቅ ሰዎች ፊት ቆሞ ስለ ሥዕሉ እንዲናገር ይገደዳል። ምንም አያውቅም። መጀመሪያ ሥዕሉ ትልቅ መሆኑ ጥሩ ነው ይላል። ቀጥሎ ግን ልቡ ያመጣለትን ይናገራል፦ ሠዓሊው እናቱ ቆንጆ ባትሆንም አልተዋትም፣ ጊዜውን ሰጥቶ ሣላት፣ ይህ ሥዕል የሚወዳት እናቱ ሥዕል ነው ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ያንን ቦታ ስናይ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው «ምን አለ? ምን ብሎ ነው እንዲህ ያጨበጨቡለት?» ብለው ጠየቁ። ያን ቦታ የተረጎመላቸው ሰው አልነበረም። ፊልሙ ስለ እናት የሚናገርበት አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነው፣ የእኛ እናቶች ግን አልሰሙትም። ዘንድሮ እንዲሰሙት ፈልጌ ነበር። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ድምፅ ተሰጠ፣ ይተርጎም ያሉት በለጡ። የተሸነፉት ወገኖች ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ እግራቸው ከዚህ ደጃፍ ጠፋ። አንዱ መምህራችን ናቸው። የፊልሞቹን ታሪክ ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር ሜል ስሚዝ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሞት ልጆቹን ሰብስበው ሥራውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን፣ ደብዳቤ ጻፍን፣ መልስ የለም። እርሳቸው ሲቀሩ ተከታዮቻቸውም ቀሩ። ወርሃዊ መዋጮም አብሮ ቀረ። ገንዘብ ያዣችን ዝርዝሩን ያቀርቡላችኋል። እኔ የምላችሁ የጄኔሬተር ኪራይ፣ የፕሮጀክተር አምፖልና የሸራ ማሠሪያ በሚከፈልበት ሳምንት ካዝናው ባዶ እንደነበረ ነው። አንድ ድርጅት ሊደግፈን ቃል ገብቶ ነበር፣ እሱም በመጨረሻ ሰዓት ተወው። አባላት ሙሉ መዋጮ ከፍለው ቢሆን የማንንም ደጅ ባልጠናን ነበር።

ሌሎች ደግሞ አሉ። አልተጣሉም፣ አልተከራከሩም፣ ዝም ብለው ቀሩ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የእነርሱ ነገር ነው። በስልካቸው የቢንን ቁራጭ ቪዲዮ እየላኩልን «ትዝ ይላችኋል?» ይሉናል። ይለናል እንጂ! በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ አትኪንሰን ኦርኬስትራ መሐል ተቀምጦ በአንድ ጣቱ አንድ ኖታ ደጋግሞ ሲመታ ሁላችንም በየቤታችን ጮኸናል። ግን በየቤት መጮኽ ሌላ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ መሳቅ ሌላ። ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት በሚፈልግበት በዚህ ዘመን ጎንደር አብሮ የሚሳቅበት ቦታ ስንት አላት? አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች «በርቱ» የሚለው መልእክታችሁ ደርሶናል። በርትተናል። እናንተም መዋጮአችሁን ላኩልን።

መምህር፣ ይህን ንግግር የሚቀርጹት ልጆች ያደርሱልዎታልና በቀጥታ ልናገርዎት። በእርስዎ ላይ ቂም የለኝም። ዝምታውን መጠበቅ ትክክል ነው ያሉት በከፊል ገብቶኛል፣ ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ይዣለሁ። ቢን ብቻውን ባለበት ቦታ ሁሉ ማይክሮፎኑ ይዘጋ። ሲያስነጥስ፣ ሲጠርግ፣ ሌሊት ተደብቆ ገብቶ የሥዕሉን ፖስተር በእንቁላል ነጭ ቀብቶ በሥዕሉ ቦታ ሲተካ፣ አንድም ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። የሚተረጎመው ሌሎቹ የሚናገሩት፣ እንዲሁም የመጨረሻው የእናት ንግግር ብቻ ይሁን። የት ዝም እንደሚባል፣ የት እንደሚተረጎም ምልክት የሚያደርጉበትም እርስዎ ይሁኑ። ከእርስዎ የተሻለ ማንም የለንም። አፈር ስሆን ይምጡ። ሁለተኛውንም ፊልም በማግሥቱ እናሳያለን፣ እሱን የሚያስተዋውቁትም እርስዎ ናቸው።

ጉባኤው ዛሬ እንዲወስን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህን የትርጉም ስምምነት ያጽድቅልኝ። ሁለተኛ፣ ውዝፍ መዋጮ ያለብን ሁሉ ከመስቀል በፊት እንክፈል፤ ያልቻለ ለኮሚቴው ይንገር፣ ማንም አያፍርም። ሦስተኛ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልሙን ያያችሁ፣ በተለይ ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ ሰዎች፣ ትዝታችሁን ለወጣቶቹ ንገሩና ይቅረጹ። ከኋላ ቆሞ ይተረጉም የነበረ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ከዚህ ስንወጣ አግኙኝ። ለሚመጣው ጥምቀት ማይክሮፎኑን የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ገንዘብ ያዣችን፣ ይቅረቡና የሒሳቡን ዝርዝር ያንብቡልን።