ቪዲዮው የት ላይ ነው የሚደበዝዘው?

እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ እዚህ ሜሪላንድ መጥታ ነበር። የእህቴን የመልስ ቪዲዮ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። እኔ በሥራ ምክንያት ሰርጉ ላይ አልደረስኩም። ስለዚህ ለእኔ ይሄ ፍላሽ ቀላል ነገር አልነበረም። ቪዲዮውን ቤዝመንት ያለው ሰርቨሬ ላይ ጫንኩት፤ ሰርቨር የምለው ቪዲዮዎቹን አስቀምጦ ለቲቪውና ለስልኩ የሚልከውን ኮምፒውተር ነው። ቡና ተፈላ፣ ፋንዲሻው ቀረበ፣ ሳሎን ያለው ትልቁ ቲቪ ተከፈተ።

ምስሉ ብዥ አለ። ፊት ይታወቃል፣ ሰው ይለያል፣ ግን ሁሉም ነገር በላብ የተሸፈነ መስታወት ውስጥ ያለ ይመስላል። ጭፈራው ሲደምቅ ደግሞ ጭራሽ ሳጥን ሳጥን ይላል። እናቴ ተነስታ ቲቪው አጠገብ ቆመች። "የቀሚሷ ጥለት የት ሄደ? ሽሮ ሜዳ ሄጄ ራሴ የመረጥኩት ነው እኮ!" አለችኝ።

ያንኑ ቪዲዮ በስልኬ ከፈትኩት። ጥለቱ ክሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው። ካሜራማኑም ሥራውን ሠርቷል። ቲቪው አርጅቷል ብዬ በማግስቱ አዲስ ቲቪ ማየት ጀምሬ ነበር። ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት የሰርቨሩን ገጽ ከፈትኩት።

ዛሬ የምለምናችሁ ነገር ይሄው ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ሴቲንግ በግምት ከመነካካታችሁም በፊት፣ ቪዲዮው እየተጫወተ እያለ ሰርቨሩን ጠይቁት። ፋይሉን እንዳለ እየላከው ነው ወይስ መንገድ ላይ እየቀየረው?

እንዳለ ሲልከው ዳይሬክት ፕሌይ ይባላል። ቀይሮ፣ እንደገና ጨምቆ ሲልከው ትራንስኮድ ይባላል። ቡና ለምናፈላ ሰዎች ይሄ ከባድ አይደለም። ዳይሬክት ፕሌይ አቦሉ ነው። ትራንስኮድ ወደ ቶና፣ ብሎም ወደ በረካ መውረድ ነው። ቡናው ያው ቡና ነው፣ ግን ቀጥኗል። ፕሌክስና ጄሊፊን ሰርቨሩ ላይ የሚጫኑ፣ ቪዲዮውን የሚልኩ ፕሮግራሞች ናቸው። ፕሌክስ የምትጠቀሙ ዳሽቦርዱ፣ ማለትም መቆጣጠሪያ ገጹ ላይ ታዩታላችሁ። ጄሊፊን የምትጠቀሙም እንዲሁ ዳሽቦርዱ ላይ አለላችሁ። ጄሊፊን ለምን እንደቀየረው ምክንያቱን ጭምር ይነግራችኋል። ያቺን ምክንያት ሳያነቡ ማለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የእኔ ገጽ ምን አለ? ትራንስኮድ፣ 720ፒ፣ 2 ሜጋቢት በሰከንድ። 720ፒ ማለት የምስሉ ቁመት 720 መስመር ነው፤ ሜጋቢቱ ደግሞ በየሰከንዱ የሚላከው የዳታ መጠን ነው። ከሥር ደግሞ ተመልካቹ "ሪሞት" ነው ይላል። ከቤት ውጪ ያለ ሰው ማለት ነው። ቲቪው ግን ከሰርቨሩ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው ያለው!

ቁጥሩን እስቲ አብረን እንየው። ቪዲዮው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፣ መጠኑ 27 ጊጋባይት። ባይቱን ወደ ቢት ለመለወጥ በ8 አባዙት፣ በ4800 ሰከንድ አካፍሉት። በሰከንድ ወደ 45 ሜጋቢት ይመጣል። ቲቪው የሚደርሰው 2 ነው። ከ22 እጅ አንዱ ብቻ ማለት ነው። ጥለቱ የሄደው እዚያ ነው። ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው እንዲህ ያለው ረቂቅ ነገር ነው። እስክስታው ላይ ሳጥን ሳጥን ያለውም ለዚሁ ነው። እንቅስቃሴ ሲበዛ ያው 2 ሜጋቢት አይበቃም።

ቲቪውን ለምን የውጪ ሰው አደረገው? ቲቪውን የገዛሁ ቀን ያስገባሁት የእንግዳ ዋይፋዩን የይለፍ ቃል ነበር። የእንግዳ ዋይፋይ የተሠራው እንግዳው የቤቱን ኮምፒውተሮች እንዳያገኝ ነው። ቲቪው ሰርቨሩን በቤት ውስጥ ሲያጣው ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በውጪ በር መጣ። በውጪ በር ለሚመጣ ደግሞ ብዙ መተግበሪያዎች ጥራቱን ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ፕሌክስን ብንወስድ ለኢንተርኔት የተቀመጠው መነሻ በብዙ መሣሪያዎች ላይ 2 ሜጋቢት፣ 720ፒ ሆኖ ቆይቷል። ቀጥታ መንገዱ ካልተገኘ ደግሞ ሪሌይ የሚባል አለ፤ ቪዲዮው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ያልፋል። እሱም ጣሪያ አለው። እንደ አካውንቱ ዓይነት 1 ወይም 2 ሜጋቢት።

ዋይፋዩን ወደ ዋናው ቀየርኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገጹ ላይ ዳይሬክት ፕሌይ የሚለው መጣ። እናቴን ከጓዳ ጠራኋት። መጥታ ቆማ አየችና "ይኸው! ይኸው መስቀሉ!" አለች፤ የጥለቱን መስቀል በጣቷ እያሳየች። ያን ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አየነው።

በእናንተ ቤት ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። መተግበሪያው ውስጥ ሁለት የጥራት ሴቲንግ እንዳለ ግን አትርሱ፤ አንዱ ለቤት ውስጥ፣ አንዱ ለኢንተርኔት። የቤቱን "ኦሪጅናል" ወይም "ማክሲመም" ላይ አድርጉት። ሴቲንጉ በየመሣሪያው ለየብቻ ነው። ስልኩ ላይ ስላስተካከላችሁት ቲቪው ላይ አይስተካከልም።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት ነገር ልናገር፤ ስለ ሰብታይትል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛው ሲያመልጣቸው ሰብታይትል ይከፍታሉ። ያኔ ደህና ሲሄድ የነበረው ፊልም ቀጥ ይላል፣ ክቡ ይሽከረከራል። ሰብታይትል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጽሑፍ ነው፣ ኤስአርቲ የሚባለው። እሱ ቀላል ነው፤ ብዙ ቲቪ ራሱ ያነበዋል። ከዲቪዲና ከብሉሬይ የተቀዳው ግን ጽሑፍ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ቲቪው ሥዕሉን ማሳየት ካልቻለ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ፣ ሥዕሉን ለጥፎ፣ እንደገና ይጨምቀዋል። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ብሎ ሙሉ ፊልሙን እንደ አዲስ ይሠራዋል። 4ኬ በሚባለው እጅግ ጥራት ባለው ምስል ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ይሄን አይችልም። የኤስአርቲ ፋይል አግኙና ተኩበት።

ኤችዲአር የሆነ፣ ማለትም የብርሃንና የቀለም ክልሉ የሰፋ ቪዲዮ ሲቀየርም እንዲሁ የሚገርም ነገር ይመጣል። ያንን ቀለም ለተራ ስክሪን የሚያስማማው፣ ቶን ማፒንግ የሚባለው ካልበራ የሰው ፊት አመድ የነካው ይመስላል። ቀለሙ ደብዝዞ ካያችሁ ቲቪውን አትውቀሱ፤ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ሰርቨር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃችኋል። ግን ፕሮሰሰሩን እዩ። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ክዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ የሚቀይር ክፍል በብዙ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አለው። 7ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉት ባለ10 ቢቱን ኤችኢቪሲ የሚባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ጭምር ይችላሉ። አብዛኛው 4ኬ ፊልም በዚህ ነው የሚመጣው። በፕሌክስ ይሄን ለመጠቀም መክፈል አለባችሁ፣ በጄሊፊን ነጻ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ማብራቱን እንዳትረሱ። ገመድን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ፤ የብዙ ቲቪዎች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ከባድ የ4ኬ ፋይል ላይ ጥሩ ባለ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ሊበልጠው ይችላል።

እናቴ አሁን አዲስ አበባ ተመልሳለች። ቪዲዮውን ከዚያ ሆና ማየት ትፈልጋለች። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የእኔ ቤት ኢንተርኔት ሲያወርድ 300 ሜጋቢት ነው፣ ሲልክ ግን 10 ብቻ። ለእሷ የሚሄደው በዚያች 10 ውስጥ ነው። 45 ሜጋቢት በዚያ አይወጣም፣ የፈለገውን "ኦሪጅናል" ብትሉት። በዚህ ጊዜ ዝቅ ማድረግ ትክክል ነው። ሰርቨሩ በዚያች ሰዓት ተጣድፎ ከሚቀይረው ግን አስቀድሞ ጊዜ ወስዶ የተሠራ ይሻላል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማታ ሁለተኛ ቅጂ ሠራሁላት፤ 1080ፒ፣ ኤች 264 በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ፣ 5 ሜጋቢት። ለጎረቤት የምታሳየው እሱን ነው። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ቀድማ ስልኳ ላይ አውርዳ ታየዋለች።

ከሀገር ቤት የመጡ የድሮ ካሴቶች ያሏችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እነሱ ፓል በሚባለው የድሮ የቲቪ ሥርዓት የተቀረጹ ናቸው፤ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። ከዚያ በላይ የሚያጠራቸው ሴቲንግ የለም። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው መስመር ግን ይጠፋል። ዲጂታል የሚያደርግላችሁን ሰው ዲኢንተርሌስ አድርግልኝ በሉት። የእናትና የአባታችሁ ፊት ነው ያለው እዚያ ውስጥ፣ ይገባዋል።

በቃ፣ ወሬው ይብቃና በዓይናችሁ እዩት። ላፕቶፔ ላይ ሰርቨሩ አለ። በግራ በኩል የእህቴን ቪዲዮ፣ በቀኝ በኩል የሰርቨሩን ገጽ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ በ2 ሜጋቢት፣ ቀጥሎ እንዳለ። ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ ጥለቱ ከሩቅ አይታይም። እባካችሁ መብራቱን ቀነስ አድርጉልን።