«ላይት ሃውሷ የኛ ምናችን ናት?» ላላችሁ፦ የዘንድሮ ዓመታዊ ስብሰባ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞች እህቶች፣ ከስራ ፈቃድ ጠይቃችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናውን ያፈላችሁልንን እግዜር ይስጥልን፣ አዳራሹን የሰጡንንም እንደዚያው። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። በአጭሩ ወንዙ ዳር ቆሻሻ ለቅመናል፣ ልጆቹን አስጎብኝተናል፣ ስለ ጆንስ ፖይንት ላይት ሃውስ፣ ማለትም ለመርከብ መንገድ ታሳይ ስለነበረችው የመብራት ቤት፣ የምታወራዋ የአማርኛ ቡክሌት ጽሁፏ አልቆ ማተሚያ ብቻ ነው የቀራት።

ዓመቱን ሙሉ የተያዝነውም እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ለህትመቱ ገንዘብ ይመደብ ስንል «ይሄ ብር እድር ውስጥ ይግባ፣ የፈረንጅ መብራት ቤት የኛ ምናችን ነው» ተባለ፣ ነገሩ ከረረ፣ ከዛ በኋላ ለድምፅ በጠራን ቁጥር ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። እድሩን ማንም አልነካም፣ አይነካምም፣ ሰው በሰው አገር ሲሞትብን ያለ እድር ምን እንደምንሆን ሁላችንም አይተነዋል። የምንነጋገረው ማህበሩ ለታሪክ ስራ ብሎ ስለሚሰበስባት ትንሽ መዋጮ ነው፣ እሷንም አብዛኛው አባል አልከፈለም። ያበሳጨኝ ክርክሩ አይደለም፣ ክርክር ጥሩ ነው። ያበሳጨኝ ተከራክሮ መቅረቱ ነው።

ምናችን ናት ለሚለው ግን ልመልስ፣ የሚገባ ጥያቄ ነው።

የ495 አውራ ጎዳናን ይዛችሁ በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ ስትሻገሩ እዛው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በኩል፣ ከድልድዩ አጠገብ ናት። ረጅም ግንብ አይደለችም፣ ጣሪያዋ ላይ ትንሽ የመብራት ክፍል የተቀመጠባት ነጭ የእንጨት ቤት ናት፣ ብዙ ሰው የሰው መኖሪያ መስላው ያልፋታል። በ1855 ተሰራች፣ በ1856 በራች፣ ስራዋም ፖቶማክ ወንዝ ላይ የሚሄዱ መርከቦች አሸዋ ላይ እንዳይቀመጡ ማሳየት ነበር። ቤንጃሚን ግሪንውድ የሚባለው ጠባቂ ከ1866 እስከ 1906 ድረስ እዛችው ጠባብ ቤት ከነቤተሰቡ ኖሮ መብራቷን ጠብቋል፣ 40 ዓመት ማለት ነው።

አሁን ከቤቷ ፊት ወንዙ ጋ ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ጋ ሄዳችሁ ጎንበስ በሉ። ክፍተት አለች፣ ውስጧ ያረጀች ድንጋይ ትታያለች። ዋሽንግተን ዲሲ መጀመሪያ ሲከለል የደቡብ ጫፍ ወሰኑ እሷ ነበረች፣ በዙሪያው ከተተከሉት 40 የወሰን ድንጋዮች የመጀመሪያው እዚህ ቦታ ላይ የተቀመጠው ኤፕሪል 15 ቀን 1791 ነው። ቅየሳውን የመራው አንድሩ ኤሊኮት ነበር፣ አብሮት የመጣው ደግሞ ቤንጃሚን ባኔከር፣ ነጻ ጥቁር ሰው፣ ወደ 60 ዓመት የተጠጋ፣ ስነ ፈለክን ከመጽሐፍ ለብቻው የተማረ። ሌሊት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ኮከብ እያየና ሰዓቱን እያስተካከለ ነው ልኬቱን ያገዘው። በዛው ዓመት ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለነበረው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት ለሆነው ለቶማስ ጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ ስለ ባርነት ፊት ለፊት የሞገተውም እሱ ነው። ልጆቹን ስናስጎበኝ ይሄን የሰማ አንድ ልጅ ክፍተቷ ጋ ተደፍቶ አልነሳ አለን፣ እናቱ መጥታ ነው ያነሳችው። እኔ ለዛ ልጅ የኛ አይደለም ልለው አልችልም።

ሌላው ነገር፣ መብራቷ በ1926 ስትጠፋ ቤቷን የተረከበው ዶተርስ ኦፍ ዘ አሜሪካን ሪቮሉሽን የተባለው የሴቶች ማህበር ነው፣ ማለትም እንደኛው መዋጮ የሚሰበስብ፣ ስብሰባ የሚጠራ ማህበር። ይሄው ማህበር በ1939 ዘፋኟን ማሪያን አንደርሰንን ጥቁር ስለሆነች በአዳራሻችን አትዘፍኝም ብሏታል፣ እሱንም ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን እንጂ አንደብቅም። ቤቷን ግን አትርፈዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦታው ለወታደር ሲያዝ የሚያያት ጠፍቶ ተጎሳቆለች፣ በ1964 የመንግስት ፓርኮችን ለሚያስተዳድረው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ተሰጠች፣ ከዛ መብራቷ እንደገና እስኪበራ እስከ 1995 ድረስ ቆይቷል። ሰው ለጥቂት ጊዜ ዞር ሲል ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ተመልከቱ።

እኛ እዛ ቤት ላይ ምስማር ልንመታም ቀለም ልንቀባም አንችልም፣ ባለቤት አላት። የኛ ድርሻ ዳርቻዋን ማጽዳትና ታሪኳን በቋንቋችን ማኖር ነው። እዚህ ከተማ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ይደርሰናል፣ ቅዳሜ ከድልድዩ ስር ባስኬት ከሚጫወቱት ልጆች ውስጥ የኛዎቹ አሉ፣ ወላጆቻቸው ዳር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ለነሱ አንዲት በአማርኛ የምትነበብ ነገር መስጠት በዛብን እንዴ?

ዛሬ ላልመጣችሁ፣ ይሄ ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ይለቀቃልና ስሙኝ። ስም አልጠራም። ግሩፑ ላይ ስለ ላይት ሃውሷ እስከ እኩለ ሌሊት የምትጽፉ፣ ለምርጫ ስትወዳደሩ እጃችሁን ይዤ የለመንኩላችሁ፣ ወንበራችሁ ባዶ ነው። ብትቃወሙም ኑና ተቃወሙ፣ በድምፅ ከተሸነፍኩ ቡክሌቷን እኔው ራሴ አጥፌ አስቀምጣታለሁ። ባለመምጣት ግን አታሸንፉን፣ ይሄ ልብ ይሰብራል። እናንተ ደግሞ የመጣችሁት፣ በዝናብ ጓንት አድርጋችሁ ፕላስቲክ ስትለቅሙ የዋላችሁት፣ እኮራባችኋለሁ፣ ከልቤ ነው።

ምልዓተ ጉባኤው ሊሞላ ጥቂት ሰው ነው የቀረን፣ ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። ስልካችሁን አውጡና ቅርብ ላለ አባል አሁኑኑ ደውሉለት፣ መኪና የሌለው ካለ የሚያመጣው ሰው አዘጋጅተናል። ሂሳብ ያዣችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።