መጎተቻ ብረት ስትመርጡ ቀድሞ የሚታየው ቁጥር

[ምስል፦ ከመኪና ኋላ የወጣች መጎተቻ ኳስ፣ በቅርበት]

መጎተቻ ብረት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር «ይሄ 1500 ኪሎ ይጎትታል» የሚል ነው። ውሸት የለበትም። ነገር ግን በቤት መኪና ላይ ቀድሞ የሚሞላው ገደብ ይህ ሳይሆን ኳሷ ላይ ቁልቁል እንዲያርፍ የተፈቀደው ክብደት ነው። በብዙ ትናንሽና መካከለኛ መኪኖች ይህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ 75 ኪሎ በጣም የተለመደ ነው።

75 ኪሎ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ በብስክሌት እንየው። 25 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ብቻቸውን ሞሉት። ኳሷ ላይ የሚታሰረው የብስክሌት መስቀያ 18 ኪሎ ቢሆን 93 ደረሰ። ተሳቢ ገና አልተቀጠለም፤ ገደቡ ግን ታልፏል።

[ምስል፦ መኪናዋ ከጎን፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል 2.6 ሜትር፣ ከኋላ ጎማ እስከ ኳሷ 1 ሜትር]

ገደቡ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም። ኳሷ ከኋላ ጎማ ውጭ ስለሆነች ክብደቱ እንደ ማንሻ ይሠራል። በዚህች መኪና 75 ኪሎ ኳሷ ላይ ሲያርፍ የኋላው አክስል 104 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል፤ ከፊተኛው ደግሞ 29 ኪሎ ያህል ይነሳለታል። መሪ የሚዞረው በፊት ጎማ ስለሆነ መሪው ይቀልላል፣ መብራቱም ወደ ላይ ያያል። በተቃራኒው ተሳቢው ላይ ዕቃውን ወደ ኋላ ብትቆልሉት ኳሷ ይቀልላትና ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። ይሄ ይብሳል።

መለኪያው ቀላል ነው። ተሳቢውን ጭናችሁ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት፤ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ድንጋይ አስደግፉ። የሰው ሚዛን ከመቀጠያው (ኳሷ ላይ ከሚገጠመው የተሳቢው ጫፍ) ሥር አድርጉ፤ መቀጠያው መኪናው ላይ በሚኖረው ከፍታ እንዲያርፍ በሚዛኑና በመቀጠያው መካከል እንጨት አቁሙ። ሚዛኑ የሚያሳየው የምትፈልጉት ቁጥር ነው። ከበዛ ዕቃውን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ ፊት ግፉት።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ብረቱ ላይ በተለጠፈችው ሳህን ላይ፣ ከቁልቁል ክብደቱ ጎን፣ «ዲ» የሚባል በኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ መኪናውና ተሳቢው ሲጓተቱ ብረቱ የሚችለውን ኃይል ያሳያል። መኪናዋ ከነጭነቷ 1800 ኪሎ፣ ተሳቢው 1200 ኪሎ ቢሆን ሁለቱን አባዙ፣ ለድምራቸው አካፍሉ፤ 720 ይመጣል። በ9.81 አባዝታችሁ ለ1000 ስታካፍሉ 7.06 ነው። የሳህኗ ቁጥር ከዚህ ማነስ የለበትም። የመኪናው ሰነድ፣ ብረቱና ተሳቢው የተለያየ ገደብ ከሰጡ የሚሠራው ትንሹ ነው። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ የመኪናው ገደብ አያድግም። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ፣ በተለይ አንዳንድ የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪኖች፣ ጭራሽ መጎተት አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ ከሱቁ በፊት ሰነዱን ክፈቱ።

[ምስል፦ ቋሚ፣ ተነቃይና ታጣፊ መጎተቻ]

ዓይነቱን በአጠቃቀማችሁ ምረጡ። ሁልጊዜ የምትጎትቱ ከሆነ ቋሚው ይበቃል፤ ርካሽና የማይበላሽ ነው፣ ብቻ የኋላ ማርሽ ባስገባችሁ ቁጥር የማቆሚያ ሴንሰሩን ሊያስጮኸው ይችላል። ተነቃዩን የሚገድለው ቆሻሻ ነው፦ የአንገቱ መግቢያ ክዳን ክፍት ከቀረ ጭቃ ይገባና ሲገጠም መቆለፊያው በትክክል አይነክስም። ታጣፊው ምቹ ነው፣ ግን ውድ ነው።

የኳሷን ልክ አትገምቱ። 50 ሚሊሜትርና 2 ኢንች ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ 2 ኢንች ግን 50.8 ነው። 50 ሚሊሜትሯን ኳስ የ2 ኢንች መቀጠያ ውስጥ ብታስገቡ ትላወሳለች፣ ትበላለች፣ በጉድጓድ ላይም ልትዘል ትችላለች። የ50 ሚሊሜትር ኳስ ተበልታ 49 ከደረሰች ትቀየር።

ሲገጠም ፋብሪካው ባስቀመጣቸው ቀዳዳዎች ብቻ ይታሰር። ብረት ከብረት በሚነካበት ቦታ ያለው ወፍራም ፀረ ዝገት ቅብ ይጠረግ፤ ከሥር ከቀረ በጊዜ ብዛት ይጨመቅና ብሎኑ ይላላል። ብሎኑ የሚጠብቀው መመሪያው በሰጠው መጠን፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ነው፤ 1000 ኪሎሜትር ከጎተታችሁ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

የመብራቱ ሽቦ ብዙ ራስ ምታት ያመጣል። በዘመናዊ መኪና የኋላ መብራት ሽቦን ቆርጦ መቀጠል ኮምፒውተሩን ያደናግረዋል፤ ለተሳቢ የተሠራ ሞጁል ይግባበት። ባለ 7 ፒኑ ሶኬት ለመደበኛ መብራቶች ይበቃል፤ የኋላ ማርሽ መብራትና ቋሚ ኃይል የሚፈልግ ተሳቢ 13 ፒን ይጠይቃል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻውና የኋላ መብራቱ አብረው ደብዘዝ ካሉ አምፖል አትቀይሩ። በባለ 7 ፒኑ ላይ 3ኛ ቁጥር የምትገባውን ነጯን ሽቦ ፈትሹ፤ እሷ መሬቷ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስባት ሽቦ) ናት፣ ብዙ ጊዜም የሚዝገው እሷ የታሰረችበት ብሎን ነው።