ፊቱ የሷ፣ ስሙ የባሏ

እሺ፣ ሰላም፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስለ አንድ ቤት ነው የማወራችሁ። አሜሪካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ የጓደኛዬ ሰርግ ነበርና አዳራሹ ጋ ስደርስ በሩ ላይ "የሴቶች ክለብ" የሚል ጽሁፍ አለ፣ እኔ እንግዲህ ለሰርግ የሚከራይ አዳራሽ ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ስሄድ ግድግዳው ላይ አንድ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አየሁ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች እዛው ቤት በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል፣ ከስር ስም ተጽፏል። ቀረብ ብዬ ሳነበው የአንዳቸውም ስም የለም! ሚስስ ጆን ምንትስ፣ ሚስስ ዊልያም ምንትስ፣ ሁሉም የባል ስም። ፊቱ የሷ፣ ስሙ የባሏ። ከዛ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

እና ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የሚጀምረው 1868 ላይ ነው፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኒውዮርክ ጋዜጠኞች ክለብ ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለቻርልስ ዲከንስ እራት ሲያዘጋጅ ጄን ከኒንግሃም ክሮሊ የምትባል ጋዜጠኛ እኔም ልግባ ብላ ጠየቀች፣ ሴት ስለሆነች ተከለከለች። ማለቴ ሙያዋ እኮ ነው! እሷም ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ሶሮሲስ የሚባል ክለብ አቋቋመች፣ በዛው ዓመት ቦስተን ላይም ሌላ ተቋቋመ፣ 1890 ላይ ደግሞ የየከተማው ክለቦች ተሰብስበው አንድ ትልቅ ፌዴሬሽን መሰረቱ።

ትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ የነበረው ግን ለኔ ይበልጥ ደስ ይላል። ዩኒቨርሲቲ የመግባት እድል ያላገኙ ሴቶች ተሰብስበው ዛሬ አንቺ ስለ ታሪክ አጥኚና አቅርቢልን፣ በሚቀጥለው አንቺ ስለ ስነ ጽሁፍ፣ እየተባባሉ ይማማሩ ነበር። ከዛ መጽሐፍ እንደሌለ ገባቸው። መጽሐፍ በሳጥን አድርገው ከከተማ ከተማ ያዞሩ ነበር፣ ካርኔጊ የሚባለው የብረት ቱጃር ለቤተ መጻሕፍት ህንጻ ገንዘብ ሲሰጥም ከተማው መሬት እንዲያቀርብና በየዓመቱ የእርዳታውን 10 በመቶ ለማስተዳደሪያ እንዲመድብ ይጠይቅ ስለነበር ብዙ ቦታ ከንቲባውን የሚወተውቱት፣ ለመሬቱ ብር የሚያሰባስቡት እነሱ ነበሩ።

ግን የሚሰበሰቡት የት ነው? የአንዷ ሳሎን። ሳሎኑ ደግሞ የባሏ ቤት ነው፣ ያገባች ሴት ንብረት በባሏ እጅ የሚሆንበት ህግ በየስቴቱ ቀስ እያለ ነው የተቀየረው። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይ የወንዶቹ ማህበር ቤት ቢፈልጉ ፈቃድ መጠየቅ አለ። ስለዚህ የራሳቸውን ቤት እንስራ አሉ፣ ክለቡን በህግ አስመዝግበው ካርታውን በክለቡ ስም ያወጡ ብዙ ናቸው። ብሩ ከየት መጣ? ኬክ ጋግረው ሸጠው፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ አሳትመው፣ ቲያትር አሳይተው፣ መዋጮ አዋጥተው። እቁብና እድር ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ አይገርምም፣ ሳንቲም ሳንቲም እያሉ ጣሪያ ድረስ ማድረስ ምን እንደሚጠይቅ እናውቃለን።

አንድ የምወደው ምሳሌ ካሊፎርኒያ ሳራቶጋ ያለው የፉትሂል ክለብ ነው። ክለቡ 1907 ተቋቋመ፣ ቤቱ 1915 ተሰራ። የካሊፎርኒያ ሴቶች ድምጽ መስጠት የቻሉት 1911 ላይ ነው፣ በሀገር ደረጃ ሴቶች እንዲመርጡ የፈቀደው የህገ መንግስት ማሻሻያ ደግሞ 1920 ነው የመጣው፣ ስለዚህ ቤቱ ሲቆም የሌሎች ብዙ ስቴቶች ሴቶች ገና መምረጥ አይችሉም ነበር። የነደፈችውም ሴት ናት፣ ጁልያ ሞርጋን! ፓሪስ ሄዳ ትልቁ የጥበብ ት/ቤት በአርክቴክቸር ሴት አንቀበልም ሲል እዛው ጠብቃ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት፣ 1904 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማህበር የወርቅ ሜዳልያውን የሰጣት 2014 ላይ ነው፣ ከሞተች ከ57 ዓመት በኋላ።

አንድ ነገር ግን ዘልዬ ማለፍ አልችልም፣ በሩ ለሁሉም ሴት ክፍት አልነበረም። 1900 ላይ ሚልዋኪ ከተማ በተደረገው የፌዴሬሽኑ ጉባኤ ጆሴፊን ሴንት ፒየር ረፊን የጥቁር ሴቶች ክለብ ወክላ መጣች፣ አንቀበልም አሏት። አባል የሆነችባቸውን የነጮች ክለቦች ወክለሽ ግቢ ሲሏት እምቢ አለች። ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ ሊነጥቋት ሁሉ ሞክረዋል። በር ተዘግቶባቸው የጀመሩ ሴቶች እነሱም መልሰው ሲዘጉ ማየት በጣም ያማል። ጥቁር ሴቶች ግን ቀድመው 1896 ላይ የራሳቸውን ብሔራዊ ማህበር አቋቁመው ነበር፣ የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ሜሪ ቸርች ቴሬል ናት።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። ማታ ሰው መበተን ሲጀምር ቁልፍ የያዙ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወንበር እየሰበሰቡ ነበር፣ ካሁኑ ጥቂት አባላት አንዷ ናቸው፣ አብሬያቸው እያነሳሁ ስለ ፎቶው ጠየቅኳቸው። ከኩሽናው መሳቢያ አንድ ደብተር አወጡ። ከቤተ ክርስቲያን መዝገብና ከመቃብር ድንጋይ ላይ እየፈለጉ የሴቶቹን የራሳቸውን ስም በእርሳስ እየጻፉ ነው። ከፊት ረድፍ ሁሉንም አግኝተዋል። ከኋላ ግን አራት ቦታ ባዶ ነበር፣ አንደኛዋ ፈገግ ያለችዋ ናት።