ጥያቄው ነበር የተሳሳተው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልጄ ዓይን ላወራችሁ ነው። ወይም ስለ ራሴ፣ እናንተው ፍረዱ።

ሦስተኛ ክፍል እያለ ማታ ማታ "ራሴን አመመኝ" ይለኝ ነበር። ከቤት ሥራ ለማምለጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቴሌቪዥን ሲያይ ደግሞ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። "ራቅ በል!" እለዋለሁ፣ ሁለት እርምጃ ይርቃል፣ ዞር ስል ተመልሶ ይጠጋል። ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት፣ ከሰሌዳው ሳይሆን ከጓደኛው ደብተር ነበር የሚገለብጠው። አስተማሪዋ "ወሬ አበዛ" ብላ ቦታ ቀየረችው። የት? መጨረሻው ወንበር ላይ!

አንድ ቀን ደብተሩን ገለጥኩ። ሰሌዳው ላይ 38 ሲደመር 5 የነበረውን እሱ 33 ሲደመር 5 ብሎ ጽፎታል። መልሱ 38። ትልቅ ቀይ ኤክስ። ልጁ ግን ድምሩን አልሳተም እኮ! የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ቅርቡን ያያል፣ ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ ማዮፒያ የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው፣ ልጆች ደጅ በቀን ብርሃን ሲጫወቱ ደግሞ የመከሰት ዕድሉ ይቀንሳል። "ለምን አልነገርከኝም?" ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ? "ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ መስሎኝ።"

ያበሳጨኝ ማንም አለማወቁ አይደለም። እኔ ግማሹን አውቃለሁ፣ አስተማሪዋ ግማሹን ታውቃለች፣ ግን ተገናኝተን የምናወራው ስለ ውጤትና ስለ ጸባይ ብቻ ነበር። ስለ ራስ ምታቱ አንድም ቀን አንስቼላት አላውቅም።

እንቅልፍም እንደዚሁ ነው። አስተማሪ የሚያየው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንጎላጅ ልጅ ነው። ከብርድ ልብስ ስር የሚያበራውን ስልክ የሚያየው ቤተሰብ ነው፣ እሱም ካየው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10። ጉርምስና ሲመጣ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ እንቅልፍ አምሽቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጠዋት አልነሳም ያለውን ሁሉ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ አይከብድም።

አሁን ከአስተማሪዋ ጋር አንድ ነገር ለምደናል። ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አጭር ማስታወሻ እንለዋወጣለን። "ሌሊት ሲያስለው አደረ" እላለሁ። "ዛሬ ምሳውን አልነካም" ትለኛለች። አንድ መስመር፣ በቃ።

መነጽሩን አደረገ፣ የፊት ወንበርም ተሰጠው። በሳምንቱ ማስታወሻ መጣልኝ፦ "ሰሌዳውን በደንብ ያያል። ወሬው ግን አልቀነሰም።"