ትንፋሻችሁን አትያዙ፦ ከመጀመሪያው ትራያትሎን በኋላ ስለ ዋና የጠየቃችሁኝ

ዛሬ ስልኩ አላረፈም። የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያ ትራያትሎናችሁን የጨረሳችሁ ናችሁ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ ማለት ነው። አጭሩ፣ ስፕሪንት የሚባለው፣ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። ጥያቄዎቻችሁ እንደ ሁልጊዜው ይመሳሰላሉ፤ መልሴም እንደዚያው።

«ሩጫው ላይ ብዙ ሰው ቀደምኩ። ከውሃው ግን የወጣሁት ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። እግሬ ይሰምጣል። ምን ላድርግ?» (ከአዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያለህ። ከሩጫ ወደ ዋና የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጥፋቱ የእግርህ አይደለም፤ የጭንቅላትህ ነው። ራስህን ቀና ስታደርግ ዳሌህ ይወርዳል፣ እግርህም ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ብትወራጭ ድካም ብቻ ነው ትርፉ።

ራስህን ለምን ቀና ታደርጋለህ? ትንፋሽህን ስለምትይዝ። ፊትህ ውሃ ውስጥ እያለ አፍነህ ትቆያለህ። ዞር ስትል ማስወጣትም ማስገባትም በአንዴ ሊሆን ነው። ጊዜው አይበቃህም፤ ስለዚህ አንገትህን ትሰግጋለህ። መፍትሔው ፊትህ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳታቋርጥ አረፋ ማውጣት ነው። ዞር ስትል ማስገባት ብቻ ይቀርሃል። ስትዞር አንዱ የመነጽር መስታወት ውሃ ውስጥ ይቅር፣ አንዱ ብቻ ይውጣ። ሁለቱም ከወጡ አብዝተሃል። ወደ ፊት ሳይሆን የገንዳውን ወለል እይ።

ትንፋሽ አትያዝ። ዛሬ ይህን ስደጋግም ትሰማላችሁ፤ ከአሁኑ ልመዱኝ።

«በሳምንት ስንት ቀን ልዋኝ?»

ሦስት ቀን፣ አጭር አጭር። ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ከመንቦራጨቅ ይሻላል።

«በሄድኩ ቁጥር 1 ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ እዋኛለሁ። ሰዓቴ ግን ፈቅ አይልም።»

አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየደጋገምሽ ነዋ! እስኪ ይህን ሞክሪ። በደንብ አሟሙቂና 400 ሜትር በሙሉ አቅምሽ ዋኚ፣ ሰዓቱን ያዢ። በቂ ዕረፍት ውሰጂና 200 ሜትር እንደዚሁ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ልዩነቱ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ለሁለት ሲካፈል 2 ደቂቃ ከ40 ይሆናል። የአንቺ የ100 ሜትር የልምምድ ፍጥነት ይኸው ነው። በዚያ ፍጥነት ስምንት ጊዜ 100 ሜትር ዋኚ፤ በየመሐሉ 20 ሰከንድ እረፊ። ስምንተኛው ከመጀመሪያው ከዘገየ ስትጀምሪ ቸኩለሻል ማለት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተለኪ።

ደግሞ ገንዳውን ለኩት። የሆቴል ገንዳ ሁሉ 25 ሜትር አይደለም። 18 ሜትር ላይ እየዋኙ «ሰዓቴ ከዓለም አቀፍ ዋናተኞች ጋር ይቀራረባል» ያሉኝ አሉ።

«የዋና መነጽሬ ጉም ይይዛል።»

አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ፣ ከዚያ ለቅለቅ። ውስጡን በጣት አትሹት።

«እኔና ጓደኞቼ የሳንባ አቅም ለመጨመር ከመግባታችን በፊት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ ከውሃ በታች፣ ገንዳውን እንሻገራለን። ማን ይበልጣል እንባባላለን። ለትራያትሎን ይጠቅማል?» (ወጣት፣ ከአዳማ)

አይጠቅምም። ይገድላል። ወላጆች፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጉት።

ሰውነታችን «ተንፍስ!» ብሎ የሚያስጨንቀን በዋናነት ኦክስጅን ስላነሰ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠራርገህ ታወጣዋለህ። ኦክስጅኑ ግን እምብዛም አይጨምርም፤ ደምህ ቀድሞውንም ይዞታል። ያጠፋኸው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው። ከውሃ በታች ስትሄድ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ጭንቀቱ ግን አይመጣም። «ዛሬስ ቀለለኝ» እያልክ ራስህን ትስታለህ። ራሱን የሳተ ሰው መልሶ መተንፈሱ አይቀርም፤ የሚያስገባው ግን ውሃ ነው። አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ጠርዙ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ሰዓት ይዞለት «ሪከርድ ሊሰብር ነው» ይላል።

ይህ የጀማሪ አደጋ አይደለም። ጀማሪ ቶሎ ይጨንቀውና ብቅ ይላል። የሚሞተው ጎበዙ፣ እልኸኛው ነው። «ጥልቅ አይደለም፣ እቆምበታለሁ» አትበሉኝ። ራሱን የሳተ ሰው አይቆምም። አዲስ አበባ የምትዋኙ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ገና ከመነሻው የምትስቡት ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው።

ለትራያትሎን የሚያስፈልግህ ጽናት የሚመጣው እየተነፈስክ በመዋኘት ነው። ውድድሩ ላይ 750 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ዋኝ የሚልህ የለም። ስለዚህ ውርርዱ ይቁም። ዛሬውኑ ለጓደኞችህ ንገራቸው። «ፈሪ» ካሉህ አሰልጣኙ ከለከለኝ በል፤ እኔን ይስደቡ።

አንድ ሰው ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ካያችሁ «እየቀለደ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። አውጡት። አንዱ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። የማይተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ በአፍ ትንፋሽ ይሰጠው፣ ከዚያ ደረቱ ይጫን። ገልብጦ መንጠልጠል፣ ሆድ እየጫኑ ውሃ ማስወጣት የሚባለውን ተዉት። ደቂቃዎቹን ይበላል። ሥልጠናውን ቀይ መስቀል ይሰጣል፤ ሄዳችሁ ውሰዱ።

እሺ፣ ቀጣይ።

«ገንዳ ውስጥ ደህና ነኝ። ላንጋኖ ስገባ ግን ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ወለሉ አይታይም።»

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ እጅህንም አታይም። አንተ ብቻ አይደለህም። ከመነሻው በፊት ገብተህ ፊትህን ነክረህ ጥቂት ደቂቃ አረፋ አውጣ። ሲጀመር ከዳር ወይም ከኋላ ሁን፤ መሐሉ ክርንና ተረከዝ ነው። ካስጨነቀህ በጀርባህ ተንሳፈፍና ትንፋሽህ እስኪረጋ ጠብቅ። ውድድሩ አያባርርህም። ቀጥ ብለህ ለመሄድ በየስድስት እስከ ስምንት ቀዘፋው አንዴ ዓይንህን ብቻ ብቅ አድርገህ ምልክቱን እይ። ለልምምድ ብቻህን አትግባ። ጀልባ ወይም ታንኳ ያለው ሰው ይኑር።

«አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሥራ ስለሚበዛብኝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቅ እዋኛለሁ። ዌትሱት (የጎማ የዋና ልብስ) ይሻለኛል?»

ዌትሱት ያንሳፍፋል፣ ያሞቃል፣ ይረዳሃል። ግን ከማን ጋር ነው የምትዋኘው? አልነገርከኝም። ብቻህን ከሆነ መልሴ ዌትሱት ሳይሆን ጓደኛ ነው። እዚያ አገር ማለዳ ክፍት የሆነ፣ ጠባቂ ያለው ገንዳ አይጠፋም።

«52 ዓመቴ ነው። ልጄ ትራያትሎን ስትጨርስ አይቼ ቀናሁ። ዋና ለመማር ዘገየሁ?»

በፍጹም፣ እማማ። አሰልጣኝ ይያዙ፣ የሚቆሙበት ውሃ ላይ ይጀምሩ። ልጅዎ አታስተምርዎ፤ ትጣላላችሁ።

«ሐዋሳ ሐይቅ ከዋኘሁ በኋላ ገላዬን አሳክኮኝ ነበር። ተወኝ። ምንም አይደል አይደል?»

ምንም ነው አልልም፣ ምንም አይደለምም አልልም። ቢልሃርዝያ በሐይቆቻችን ዳርቻ፣ ቀንድ አውጣ ባለበት አለ። መጀመሪያ ላይ ምልክት ላያሳይም ይችላል። መድኃኒት አለው። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሐይቅ መዋኘትህን ንገራቸው፣ ይመርምሩህ።

«ትከሻዬን ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። ማስታገሻ ውጬ ልምምዱን ልቀጥል?»

አትቀጥዪ። የእጅ መቅዘፊያ ፕላስቲኩንም አስቀምጪው። ሌሊት የሚቀሰቅስ የትከሻ ሕመም በስልክ አይታይም። ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂጂ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ብስክሌቱን ንጂ።