«መርምረኝ» ካልን በኋላ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሐሙስ ማታ በስልክ የተወያየንበት ርዕስ የዳዊት ጸሎት ነበር። «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ» የሚለው። መዝሙር 139 ላይ ነው። ኦርቶዶክስ አድማጮቻችን በዳዊታቸው 138 ላይ ያገኙታል፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው። ሰዓት አጥሮን በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ። የደዋዮቹን ስም አልጠራሁም። ድሬ ላይ ማታ የተጠራ ስም ጠዋት ቀፊራ ገበያ ይደርሳል።

ከከዚራ የደወለች እህት፦ «እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል ትላላችሁ። ታዲያ መርምረኝ ማለት ምን ያደርጋል? እኔ ደግሞ እንደዚያ ብዬ ስጸልይ ምንም አይሰማኝም።»

መዝሙሩን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው፣ እህቴ። ዳዊት የሚጀምረው እግዚአብሔር አስቀድሞ እንደመረመረውና እንዳወቀው በመናገር ነው። መጨረሻው ላይ ግን መልሶ መርምረኝ ይላል። እግዚአብሔር ያላወቀው ነገር ስለተገኘ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቁስሉን በነጠላ ሸፍኖ የሚቀመጥ ሰው አለ። ሐኪሙ ቁስል እንዳለ ያውቃል፤ ነጠላውን ማንሣት ግን የታማሚው ፋንታ ነው።

ደግሞ ከጸሎቱ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ልብ በያቸው። ስለ ጠላቶቹ ነው የሚያወራው፤ አጥብቆ እንደሚጠላቸው ይናገራል። ወዲያው ቀጥሎ «መርምረኝ» ይላል። ይሄ በአጋጣሚ የተከታተለ አይመስለኝም። ሰው በሌላው ጥፋት ላይ እርግጠኛ ሲሆን የራሱን ማየት ይከብደዋል።

አይሰማኝም ላልሽው፣ ዳዊትም ባጠፋ ጊዜ የተሰማው አይመስልም። ኦርዮን አስገደለ፣ ሚስቱን ወሰደ፣ ልጅ ተወለደ፤ እሱ ኑሮውን ቀጠለ። የባነነው ናታን መጥቶ የድሃውን ሰው አንዲት በግ ታሪክ ሲነግረው ነው። ምርመራው በሰው አፍ መጣለት።

የራሴን ልንገርሽ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ጸሎት ጸለይኩ። ምንም የለም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቡና እያፈላች «አንተ ቤት ስትገባ ልጆቹ ለምን ዝም እንደሚሉ አስበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። የሥራውን ብዛት፣ ሙቀቱን፣ የመብራቱን መጥፋት ሁሉ ደረደርኩላት። ለሳምንቱ ጸሎት መልስ እንደተሰጠኝ የገባኝ በረካው ሲቀዳ ነው። እና አንቺም ስሜት አትጠብቂ። ሰሞኑን ማን ምን እንዳለሽ አስቢ፤ በተለይ ያናደደሽን።

ከሳቢያን አንድ የባጃጅ ሹፌር፦ «ስማ አቦ፣ ይሄን ጸሎት ከጀመርኩ ወዲህ ባጃጄ ሁለቴ ቆመች፣ ከእጮኛዬም ተጣላሁ። እግዚአብሔር እያነጠረኝ ነው ማለት ነው?»

(ከሌላ ከተማ ለምታነቡ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም። ንቀት እንዳይመስላችሁ።)

ባጃጇን መካኒክ ይያት። የተበላሸ ዕቃ ሁሉ የእግዚአብሔር እሳት አይደለም። ስለ ማንጠር ግን ጥሩ ጠየቅክ። ሐረር ጀጎል ያሉትን ብር ሠሪዎች አንጥረኛ የምንላቸው ከዚሁ ቃል ነው። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሳታይ አትቀርም፤ ብዙ ጌጥ የተሠራው እሱ ቀልጦ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከምናምን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ላይ ላዩን የተለጠፈ እድፍ ስላልሆነ በሎሚም በአሸዋም ብትፈትገው አይለቅም። ከብሩ ጋር ቀልጦ ተዋሕዷል። ለመለየት መልሶ ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ብር ደግሞ የሚቀልጠው 960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ነው። የጥንቶቹ እርሳስ ይጨምሩበትና አየር እየነፉ ያነዱት ነበር። እርሳሱ ሲቃጠል መዳቡን ይዞት ይሄዳል፤ ብሩ ይቀራል።

ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ላይ እግዚአብሔር ብርን እንደሚያነጥር ሰው «ይቀመጣል» ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ይሄ ቃል ነው። እናትህ ቅቤ ስታነጥር አይተሃል? ጥዳው ገበያ አትሄድም። አጠገቡ ቁጭ ብላ አረፋውን ታያለች፤ ካለፈበት ያራል። እግዚአብሔርም ጥዶህ አልሄደም።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ባጃጇን ተዋትና ከእጮኛህ ጋር ስትጣላ ከአፍህ ምን እንደወጣ አስብ። ደቻቱን ታውቀዋለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይሞላል። ድሬ ይሄን በ1998ቱ ጎርፍ በመራራ ታውቀዋለች። እጮኛህ የተናገረችው ትንሽ ነገር ይሆናል፤ የመጣው ግን ከላይ የተጠራቀመው ነው። የቆየ ቂም ይሁን፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ አላውቅም። እሱን ይዘህ ጸልይ። ከጸሎቱ በፊት ግን ደውልላት።

ከለገሀሬ አንዲት እናት፦ «በወጣትነቴ የሠራሁት ኃጢአት አለ። ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። መርምረኝ ባልኩ ቁጥር እሱ ብቻ ይመጣብኛል። እንቅልፍ ነሳኝ።»

እናቴ፣ እርስዎን እንኳ አንቱ ልበል። ይህ የእግዚአብሔር ምርመራ አይመስለኝም። እሱ ሲመረምር ለይቶ ነው የሚነካው። ይህን ቃል ተናግረሃል፣ ይህን መልስ፣ እገሌን ይቅርታ ጠይቅ ይላል። ጸሎቱም የሚያበቃው በዘላለም መንገድ ምራኝ በሚለው ነው፤ መውጫ አለው። እርስዎ የሚሰሙት ድምፅ ግን መውጫ የለውም፤ የተዘጋውን መዝገብ እየከፈተ አትረቢም ይላል። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ ሁለት ዓይነት ሐዘን ይለያል፤ አንዱ ወደ ሕይወት፣ ሌላው ወደ ሞት። ዮሐንስም በአንደኛ መልእክቱ ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይበልጣል ብሏል።

ምክሬ ይገርምዎት ይሆናል። ይህን ጸሎት ለጊዜው ይተዉት። በእሱ ፋንታ መዝሙር 103ን፣ በዳዊት 102ን፣ ማታ ማታ ጮክ ብለው ያንብቡ። ምሥራቅ ከምዕራብ እንደሚርቅ ኃጢአታችንን ከእኛ አራቀ የሚለው እዚያ ነው። እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ የምግብ ፍላጎትም ከጠፋ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መድኃኒት መዋጥ እምነት ማነስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሄን ደፍረን ባለመናገራችን ብዙ ሰው ተጎድቷል።

አንድ ተማሪ፦ «በቀን ስንት ጊዜ ራሴን ልመርምር?»

ማታ አንዴ፣ ለአሥር ደቂቃ። ከዚያ ተኛ። ጳውሎስ እንኳ በራሴ አልፈርድም፣ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው ብሏል።

መጨረሻ የደወለው ታይዋን ገበያ የሚሠራ ነጋዴ ነው፦ «ከሽርካዬ ጋር የልብስ ሱቅ አለን። እሱ ሙስሊም ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሽያጩ ትንሽ ትንሽ ሳስቀር ነበር። እሱ አያውቅም። ለእግዚአብሔር ተናዝዣለሁ። ይበቃል አይደል?»

አይበቃም፣ ወንድሜ። ከእሱ ነው የወሰድከው። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ባስገባ ቀን ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማቴዎስ 5 ላይም መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ወንድምህ በሃይማኖት አይመስልህም ብሎ የሚያሳንሰው ካለ አትስማው።

እንዴት ብለህ? ሒሳቡን አስልተህ በወረቀት ጻፈው፤ በግምት ከሆነ ወደ ላይ ገምት። ደንበኛ ባለበት ሰዓት አትሂድ። ከቻልክ የመጀመሪያውን ክፍያ ይዘህ ሂድ። «ጌታ ተናገረኝና ነው» ብለህ አትጀምር፤ ያኔ እሱ መናደድ ያቅተዋል፣ መናደድ ደግሞ መብቱ ነው። ወሰድኩ በል፤ ምክንያቱን ከጠየቀህ ትነግረዋለህ።

«ሽርክናውን ቢያፈርሰውስ?» አለኝ።

«ሊያፈርሰው ይችላል» አልኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ «ነገ ጁምዓ ነው፣ ሱቅ ብዙ አይቆይም። ቅዳሜ ጠዋት እነግረዋለሁ» ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ አልፏል። እስካሁን አልደወለም።